በአሮጌ ትራክተር ድርቆሽ መሥራት፦ ከጣና ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ ጥቅምት ሊገባ ሲል ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። አንዱ ከመራዊ ይደውላል፣ አንዱ ከሐሙሲት፣ አንዱ ከወረታ ሜዳ። «ማሴዋን፣ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተሬን፣ አስነሳኋት፤ ማጨጃው ግን ሳሩን ያስተኛዋል እንጂ አይቆርጠውም» ይለኛል። ሌላው «ከምሬያለሁ፣ ክምሩ ሞቀብኝ፣ ምን ይሻላል?» ይላል። አብዛኛውን መልስ እኔም የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሌላው እንዳይከስር ብዬ አንድ ቦታ ሰብስቤዋለሁ። የጨፌ ሳር ላላችሁ፣ በባሕር ዳር ዙሪያ ወተት ለምታመርቱ፣ አሮጌ ትራክተር ለወረሳችሁ ወይም ለመግዛት ለምታስቡ ነው።

ሃምሳ ዓመት የሞላው ትራክተር ለድርቆሽ ይበቃል?

ይበቃል። እንዲያውም ከሥራ ሁሉ የሚመቸው ይኼ ነው። ማረስ ጉልበት ይጠይቃል። ድርቆሽ የሚጠይቀው ሳሩ በደረሰበት ቀን ዝግጁ ሆኖ መገኘትን ነው። ሁለት ሜትር የማይሞላ ባለ መቀስ ማጨጃን 30 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር በቀላሉ ይነዳዋል። ሳር መሰብሰቢያው ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። ጉልበት የሚፈልገው ቤለሩ፣ ድርቆሹን ጠቅጥቆ በሲባጎ የሚያስረው ማሽን፣ ነው። እሱም አራት ማዕዘን ትንንሽ እስር የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ከ35 እስከ 45 የፈረስ ጉልበት በቂው ነው።

የእኛ መሬት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የተኙበት የፎገራ ሜዳ፣ ጥቅምት ላይ ላዩ ደርቆ ሥሩ ገና ጭቃ ነው። 1.5 ቶን ገደማ የምትመዝን ማሴ 135 ታልፈዋለች። ከ3 ቶን በላይ የሆነው ቤላሩስ 80 ይሰምጣል። አንድ ጊዜ የሰመጠ ትራክተር ለማውጣት ቀኑን ሙሉ በሬ ጠምደን ውለናል። ሳሩ ያን ቀን ነበር ሊሰበሰብ የሚገባው።

የትኛውን ልግዛ?

ብጠየቅ ማሴ ፈርጉሰን 135 እላለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የተመረተ ነው። ሦስት ሲሊንደር ያለው 2.5 ሊትር የፐርኪንስ ናፍታ ሞተር አለው፣ ጉልበቱም 45 ገደማ ነው። ናፍታ ይቆጥባል። መካኒኩ ሁሉ ያውቀዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ፍሪሲዮኑን እዩ። የዚህ ትራክተር ፍሪሲዮን ሁለት ዓይነት ነው። ባለ አንዱን ስትረግጡት ጎማውም ፒቲኦውም (ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ ማሽኑን የሚያዞረው ዘንግ) አብረው ይቆማሉ። ባለ ሁለት እርከኑ ግማሽ ድረስ ሲረገጥ ጎማው ብቻ ይቆማል፣ ፒቲኦው መዞሩን ይቀጥላል። ለድርቆሽ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። ቤለሩ ወፍራም ሳር ሲያጋጥመው እናንተ ቆማችሁ እሱ የጎረሰውን አኝኮ መጨረስ አለበት።

ባለ አንዱ ከሆነባችሁ ሌላም ችግር አለ። ፍሪሲዮን ረግጣችሁም የቤለሩ ከባድ ተሽከርካሪ ብረት መዞሩን አያቆምም፤ ትራክተሩን መልሶ ወደፊት ይገፋዋል። ቦይ አፋፍ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። በአንድ ወገን ብቻ ኃይል የሚያስተላልፍ መገጣጠሚያ ፒቲኦው ላይ ይገጠማል። ሳታስገጥሙ አትሥሩ።

ቤላሩስ በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ዋና ትራክተር ነበር፤ ዛሬም በየቦታው አለ። ጠንካራ ነው፣ ብርድ ላይ ይነሳል፣ ለደረቅ መሬት እሺ ነው። ፒቲኦው ግን 540 እና 1000 የሚባል ሁለት ፍጥነት አለው። የድርቆሽ ዕቃዎቻችን በደቂቃ 540 ዙር ተብለው የተሠሩ ናቸው። በ1000 ካዞራችኋቸው ይበታተናሉ። ፊያትና ፎርድም ጥሩ ናቸው፤ መለዋወጫቸውን ከየት እንደምታገኙ ካወቃችሁ ብቻ።

540 ዙር መሆኑን በምን አውቃለሁ? ቆጣሪው ሞቷል።

የአብዛኛው አሮጌ ትራክተር ቆጣሪ ሞቷል። በማሴ 135 ላይ ሞተሩ በደቂቃ 1,700 አካባቢ ሲዞር ፒቲኦው 540 ይደርሳል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ምንም ማሽን ሳታያይዙ ሞተሩን አጥፉና በፒቲኦው ጫፍ ላይ ነጭ ምልክት ቀቡ። ከዚያ አስነሱና ራቅ ብላችሁ በስልክ በዝግታ ቪዲዮ ቅረጹት። በሰከንድ 9 ዙር ከሆነ ደርሳችኋል። የጋዙን እጀታ ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያ ወዲያ መቁጠር የለም።

መቼ ልጨድ?

ከሁሉም ጥያቄ ትልቁ ይኼ ነው። ሳሩ ምርጥ የሚሆነው ማበብ ሲጀምር ነው። ያኔ ቅጠሉ ብዙ ነው፣ ግንዱ ለስላሳ ነው፣ ማገጡም (ከሳሩ ጋር የሚበቅለው ባለ ሦስት ቅጠል መኖ) አብሮ አለ። በእኛ አካባቢ ይህ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ይመጣል። ችግሩ ዝናቡ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላም ጣና ዙሪያ ዝናብ ይጥላል፤ ጥቅምትም አይታመንም። ስለዚህ ብዙ ሰው ፈርቶ እስከ ኅዳር ይጠብቃል። ኅዳር ላይ ሳሩ በደንብ ይደርቃል፤ ግን ዘሩን አራግፎ እንጨት ሆኗል። ላሟ ትበላዋለች፣ ወተቱ ግን አይመጣም።

የእኔ ምርጫ ከጥቅምት 5 እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አላጭድም። በሦስት ቀን ውስጥ አንስቼ የምጨርሰውን ያህል ብቻ አጭዳለሁ። ዝናብ ቢመጣ የሚበላሸው ያቺ ቁራሽ ናት።

የበዓላቱንም ቀን አስቡበት። ጥቅምት 12 ሚካኤል ነው፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም። በእነዚህ ቀናት ማሳ ላይ ሠራተኛ አታገኙም፣ መገኘትም የለበትም። እኔ ቀኑን የማሰላው በዓሉ ሳሩ ተዘርግቶ በሚደርቅበት ቀን ላይ እንዲውል ነው። ጥቅምት 11 ይታጨዳል፣ ሚካኤል ዕለት ፀሐዩ ሥራውን ይሠራል፣ 13 ይገለበጣል።

ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ሐይቁ ዳር ጤዛው ከባድ ነው፣ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ሳሩ ላይ ይቆያል። ከ4 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። ከመሬት 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ እጨዱ። ዝቅ ካላችሁ አፈር ትሰበስባላችሁ፣ ቢላውም ያልቃል፣ ሳሩም ተመልሶ አያቆጠቁጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎገራ ላይ አሜኬላ የበዛበት ሜዳ አለ። ከማጨዳችሁ በፊት አስነቅሉት። ከደረቀ በኋላ እሾሁ እስሩ ውስጥ ይገባና የሰው እጅ የላም አፍ ይወጋል።

ማጨጃዬ ሳሩን ያስተኛዋል እንጂ አይቆርጠውም። ለምን?

ባለ መቀስ ማጨጃ ከሆነ ሥራው እንደ ስሙ ነው። ሦስት ማዕዘን ቢላዎቹ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፣ ከሥራቸው ያሉት ጣቶች ሳሩን ይይዙላቸዋል። መቀስ ሁለት ስለት ካልተነካካ እንደማይቆርጥ ሁሉ ይኼም አይቆርጥም። ብዙ ሰው ቢላውን ብቻ ይስላል፤ የጣቶቹን ጠርዝ ይረሳል። ጠርዙ ከዶለዶመ ቢላው ምላጭ ቢሆን ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉና ቢላውን በእጅ ግፉት። ቢላው ጣቶቹን ተጠግቶ መሄድ አለበት። በመሃሉ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ካለ ከላይ የሚጫኑትን ብረቶች በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ዝቅ አድርጓቸው። የታጠፈ ጣት ካለ አቃኑት። ቀጥሎ የቢላውን ጉዞ እዩ። በአንዱ ጫፍ ሲቆም የእያንዳንዱ ቢላ መሃል ከጣቱ መሃል ጋር መግጠም አለበት፣ በሌላውም ጫፍ እንደዚያው። ካልገጠመ የሚገፋው ክንድ ርዝመት ይስተካከላል።

ሦስተኛውን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ትንሽ ነው። ማጨጃው ቆሞ ሲታይ የውጪው ጫፍ ከውስጡ ጫፍ ትንሽ ቀድሞ መታየት አለበት፣ በአንድ ሜትር ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል። ሥራ ሲጀምር ሳሩ ወደኋላ ስለሚገፋው ያኔ ቀጥ ይላል። ያረጀ ማጨጃ መጋጠሚያው ስለሚላላ የውጪው ጫፍ ወደኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። የእኔን ቶርኖ ቤት ወስጄ ቡሽ አስቀየርኩለትና እንደ አዲስ ሆነ።

የሚገዛ ካለ ባለ ከበሮውም ጥሩ ነው። አይታፈንም፣ የተኛ ሳር ያነሳል፣ ፈጣን ነው። ግን ጉልበት ይበላል፣ ከባድ ነው፣ ድንጋይ ሲመታ ደግሞ ቢላው እንደ ጥይት ይወረወራል። ሸራው ሳይኖር ማንም አጠገቡ አይቁም።

መድረቁን እንዴት ልወቅ?

ሳሩ ሲታጨድ ከክብደቱ ከ75 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ሲታሰር ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ 15 ቢሆን ይመረጣል። መለኪያ መሣሪያ የሌለው በጨው ይለካል። የደረቀ ማሰሮ ወይም ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ውሰዱ። አንድ እፍኝ ድርቆሽ ከትፋችሁ ከአንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጋር ክተቱ። ሁለት ደቂቃ አራግፉት። ጨው ከተያያዘና ከዕቃው ጋር ከተጣበቀ ገና ነው። ከተንሸራተተ እሰሩት። ናሙናውን ከላይ ሳይሆን ከረድፉ ሥር ውሰዱ፣ ያውም ጥላ ካለበት ቦታ። ከላይማ ሁሌም ደርቋል።

ማገጥ የበዛበት ሳር ሲሰበሰብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማገጡ ሲደርቅ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ምግቡ ያለው ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነው። ጠዋት ትንሽ ጤዛ እያለበት ገልብጡት፣ ከሰዓት በኋላ እሰሩት። ፀሐይ ወደ 11 ሰዓት ሲያዘቀዝቅ አቁሙ። ጤዛው ሳይታይ ይጀምራል።

አሮጌ ቤለር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ቋጠሮው አይዝም ይባላል።

መግዛቱ ያዋጣል። ጎረቤት ያለው ሰው የጎረቤቱንም ስለሚያስር ወጪውን ይመልሳል። ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቋጣሪውን ፈትሹ። መሠረቱ አሜሪካዊው ጆን አፕልቢ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ለነዶ ማሰሪያ የሠራው ነው። ሲባጎ የሚቋጥረው ቤለር እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ገበያ ሲገባም ይህንኑ ዘዴ ይዞ ነው የመጣው። አሠራሩን አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው አይፈራውም።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ትራክተሩን አጥፉ፣ ከፒቲኦው ወደ ቤለሩ የሚሄደውን ዘንግ፣ ካርዳኑን፣ ንቀሉ። ቋጣሪውን የሚያስነሳውን ክንድ በእጅ አንሱት። ከዚያ ተሽከርካሪውን ብረት በሚዞርበት አቅጣጫ በሁለት እጅ አዙሩት። መርፌዎቹ ከሥር ይወጣሉ፣ ሲባጎውን ለቋጣሪው ያደርሳሉ፣ ይመለሳሉ። ሳር የሚገፋው ትልቁ ብረት ከመርፌው ጋር መጋጨት የለበትም። የሚጋጭ ከሆነ የሁለቱ የመንቀሳቀሻ ጊዜ ተዛብቷል፤ ሳይስተካከል ብታስነሱት መርፌው ይሰበራል።

ቋጠሮው ካልያዘ በብዛት ምክንያቱ ዝገት ነው። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ውስጥ የቆመ ቤለር፣ ሲባጎው የሚጠመጠምበት ምንቃር ይሻክራል፤ ቋጠሮው ተንሸራቶ መውጣት ያቅተዋል። በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት እንደ ማንኪያ እስኪለሰልስ አብሱት። ሌላው የሲባጎ መቁረጫው ቢላ ነው። ከዶለዶመ የሲባጎው ጫፍ ይተረተራል። ጫፉ ሳይቋጠር ተስቦ የሚወጣ ከሆነ የሲባጎ መያዣው ላልቷል፤ ሩብ ዙር አጥብቁት። ጫፉ ተቆርጦ ወይም ታኝኮ ከወጣ በጣም ጠብቋል። አንድ ነገር ብቻ ነክታችሁ ሞክሩ። ሦስቱን በአንዴ የነካ ሰው የቱ እንደሠራለት አያውቅም።

ተሽከርካሪው ብረት ላይ አንዲት ቀጭን ብሎን አለች። ሥራዋ መሰበር ነው። ድንጋይ ወይም እንጨት ሲገባ እሷ ተሰብራ ማሽኑን ታድናለች። ጠንካራ ብሎን የሚተካባት ሰው አውቃለሁ፤ ሁለት መርፌና አንድ ማርሽ ከፍሎበታል። አሥር ለስላሳ ብሎን በኪሳችሁ ይዛችሁ ውጡ።

ቤለር የለኝም። ሌላ መላ አለ?

አለ። አናጢ ጋ ሄዳችሁ ክዳንና ታች የሌለው የእንጨት ሳጥን አሠሩ። የእኔ ርዝመቱ 80፣ ወርዱና ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ ሁለት ሲባጎ ከሥር ዘርጉ፣ ሳሩን እየጨመራችሁ በእግር ርገጡ፣ እሰሩና ሳጥኑን ወደላይ አንሱት። እስሩ 14 ወይም 15 ኪሎ ይሆናል። ማጨዱንና መሰብሰቡን ትራክተሩ ከሠራ ሦስት ወጣቶች ቀኑን በደንብ ያስኬዱታል። እኔ ቤለር ከመግዛቴ በፊት ሁለት ዓመት በዚህ ነው የሠራሁት።

የሩዝ ገለባ ማሰር ይቻላል? እምቦጭስ?

የሩዝ ገለባ ይቻላል። ፎገራ ላይ ሩዙ ሜዳውን ከወሰደ ወዲህ የብዙ ሰው መኖ እሱ ሆኗል። ገለባው ግን ሻካራ ነው፣ ቢላና ቋጣሪ ቶሎ ይበላል። ምግቡም ከድርቆሽ ያነሰ ስለሆነ ለብቻው አትስጡ። በዩሪያ ማከም የሚፈልግ የእንስሳት ባለሙያ አማክሮ ይሁን፤ መጠኑን የሳተ ከብት ይገድላል።

እምቦጭን አልመክርም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ሲያስጨንቅ የኖረ አረም ነው፣ ወደ ጥቅም ቢለወጥ ደስ ይለኛል። ግን ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ስትዘረጉት ከመድረቁ በፊት ይበሰብሳል።

ለአንዲት ላም ስንት እስር ልያዝ?

250 ኪሎ የምትመዝን የፎገራ ላም በቀን ከ6 እስከ 7 ኪሎ ድርቆሽ ትበላለች። ደረቁ ወቅት 200 ቀን ቢሆን 1,300 ኪሎ ገደማ ነው። እስሩ 15 ኪሎ ከሆነ 87 እስር ማለት ነው። ለሚባክነው ጨምሩና 95 ያዙ። የተዳቀለች የወተት ላም ከዚህ በላይ ትፈልጋለች። ሚያዝያ ላይ አልቆበት በአይሱዙ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

ክምሩ ሞቀብኝ። አደገኛ ነው?

ትንሽ ሙቀት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያለ ነው። ቀጭን የብረት ዘንግ መሃሉ ድረስ ሰክታችሁ 20 ደቂቃ ተዉት። ሲወጣ በእጅ መያዝ ካልተቻለ ክምሩ ከ60 ዲግሪ አልፏል። በየቀኑ ተከታተሉ። ከ65 ካለፈ ውሃ አዘጋጅታችሁ ቀስ እያላችሁ አፍርሱት። የተቃጠለ ስኳር ወይም ትምባሆ የሚመስል ሽታ ከመጣ፣ ጭስም ከታየ አትንኩት። አየር ሲገባው ይንቦገቦጋል። ላዩ ላይም አትውጡ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል። እሳት አደጋ ጥሩ፣ ከብቶቹን አርቁ።

ከአራት ዓመት በፊት ደመና አይቼ ቸኩዬ አሠርኩ። አልነደደም፣ ግን መቶ ሃያ እስር ውስጡ ነጭ ሻጋታ ሆነ። ላሞቹ አሸተው ተዉት። ዝናብ የመታው ድርቆሽ ከሻገተ ድርቆሽ ይሻላል።

ክምሩ ሥር እንጨት ደርድሩ፣ ከግድግዳ ራቅ ይበል፣ ከመኖሪያ ቤት አጠገብ አይሁን።

ፒቲኦው ይህን ያህል ያስፈራል?

ያስፈራል። በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል። እጃችሁን ለመሳብ የምትፈልጉት ጊዜ ሲደርስ እሱ ጨርሷል። ጋቢ፣ ፎጣ፣ ነጠላ፣ የላላ ሸሚዝ ለብሳችሁ አትቅረቡ። ጠዋት ብርድ ስለሆነ ጋቢ መደረብ የተለመደ ነው፤ እዚያው ትራክተሩ ወንበር ላይ ትታችሁት ውረዱ። የካርዳኑ የላስቲክ መሸፈኛ አሮጌ ዕቃ ላይ ሁሌም ተሰብሮ ነው የሚገኘው። ከመለዋወጫ ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው እሱ ነው። የታፈነ ማጨጃ ወይም ቤለር የሚጸዳው ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሆኖ ነው። ልጆች መድረኩ ላይ አይሳፈሩ። ያለቅሳሉ፣ ይለምናሉ፤ እንቢ በሉ።

መለዋወጫ ከየት አገኛለሁ?

ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ካቴና፣ የዘይት ጎሚኒ ባሕር ዳር ይገኛል። ቁጥሩን ከአሮጌው ዕቃ ላይ አንብባችሁ ሂዱ፣ ወይም ዕቃውን ይዛችሁት ሂዱ። የማሴ ሞተር ዕቃ አዲስ አበባ አይጠፋም። የማጨጃ ቢላና ጣት የጠፋ እንደሆነ ጎበዝ ቶርኖ ቤትና ብየዳ ቤት ያወጣዋል። የቋጣሪ ዕቃ ግን ቦታው ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ ሁለተኛ የሞተ ቤለር በርካሽ ስታገኙ ለዕቃው ብላችሁ ግዙት። ሲባጎውን ነሐሴ ላይ ግዙ። ጥቅምት ላይ ሁሉም ሰው ይፈልገዋል።

ሥራው ሲያልቅ ማሽኑን እንዴት ላሳርፈው?

ቤለሩ ውስጥ የቀረውን ሳር በሙሉ አውጡ። አይጥ ይገባበታል፣ እርጥበት ይይዛል። ቋጣሪውንና መርፌዎቹን ግራሶ ቀቡ። የማጨጃውን ቢላ አውጥታችሁ በተቃጠለ ዘይት ነክሩና ቆጥ ላይ አስቀምጡ። የትራክተሩን የናፍታ ጋን ሙሉ፤ ጎዶሎ ጋን ውስጡ ውሃ ያጠራቅማል። ከቻላችሁ ከዳስ ሥር አስገቡት፣ ካልቻላችሁ በላስቲክ ሸፍኑ፣ ግን ሥሩን አየር ያስገባው።

የጎደለውን ሁሉ ያኔውኑ ጻፉት። ነሐሴ ሲደርስ አይታወስም። እኔ በቤለሩ ጎን ላይ በነጭ ቀለም ነው የምጽፈው። ዘንድሮ የተጻፈው ይኼ ነው፦ ሁለት ጣት፣ አንድ ካቴና፣ የቀኙ መርፌ ብሎን።